ጣውንቷ ስትፈላ

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ የፈላችው እዚያው ዳገት ላይ፣ እዚያችው መታጠፊያ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ከኮፈኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ሾለከ። ቀጥሎ ነጭ እንፋሎት ተነሥቶ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። ከዚያ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫግጮ ጸጥ አለ። ልብስ ሰፊው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሸቀ። ድንጋዩን መፈለግ አላስፈለገውም፤ ባለፈው ጊዜ ራሱ ትቶት የሄደው ነው።

«እንግዲህ ምን ይባላል» አለ። ለማን እንዳለው እንጃ። ዙሪያውን ሰው የለም።

በሰፈሩ ጋሽ መቀስ ይሉታል። መቀስ ከእጁ ስለማይለይ ብቻ አይደለም፤ ረዣዥም ቀጫጭን እግሮቹ ሲራመድ አንድ ነገር የሚቆርጡ ስለሚመስሉ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኮትና ሱሪ ሲሰፋ፣ ከመስፋቱም በላይ ሲተኩስ ኖሯል። ሱቁ የስፌት ማሽኖቹንና የመተኮሻ ጠረጴዛውን ካስገባ በኋላ ለደንበኛ መቆሚያ እንጂ መቀመጫ አይተርፈውም። ካውያው ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱ ላይ እየተነፈሰበት ስለሚውል ሙቀት ጠላቱ ነው። ዝናብ በሚወርድበት ሰሞን እንኳ መስኮት ከፍቶ ካልሆነ አይተኛም።

ሚስቱ ደግሞ ስትሠራ የኖረችው የክትባት መድኃኒት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ነበር። ካፖርት ደርባ ትገባለች፣ ጣቶቿን እያሻሸች ትወጣለች። ብርዱ ቀስ በቀስ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ጎጆውን ቀለሰ። ጡረታ ስትወጣ እሷ ወጣች እንጂ ብርዱ አልወጣም። ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት ቀን እሷ ሹራብ ደርባ ፀሐይ ላይ ትቀመጥ ነበር።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። እነዚህን የቀዳቸው ግን አንዱን ከፍል ውሃ፣ አንዷን ከበረዶ መሆን አለበት። በብርድ ልብስ ይጣላሉ፣ በመስኮት ይጣላሉ፣ በሻይ ሙቀት ሳይቀር ይጣላሉ። አንዲት ልጅ ወለዱና ሚስት ሆዬ ለጠየቃት ሁሉ «እሱ ፍል፣ እኔ በረዶ፤ ተደባልቀን ለብ ያለች ልጅ ወጣችልን» እያለች ታስቅ ነበር። ለብ ያለችው ልጅ አድጋ ሌላ ከተማ ሥራ ያዘች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ቀረች።

መኪናዋን የገዙት ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ ቤቱ ሲሰፋባቸው ነው። አሮጌ ናት። ከእነሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈች የሚያውቀው ደላላው ብቻ ነው፤ ደላላ ደግሞ የሚያውቀውን አይናገርም፣ የሚናገረውንም አያውቅም። ልብስ ሰፊው ግን ገና ባያት ቀን ፍቅር ያዘው። ጠዋት ጠዋት ይወለውላታል፤ ሌሊት ዘነበባት፣ ወፍ ተቀመጠባት እያለ ይብሰለሰላል። በመጨረሻ ለሙሽራ ኮት ከተገዛ ግራጫ ሱፍ የተረፈውን አጠራቅሞ ለወንበሮቿ ልክክ ያለ ልብስ ሰፋላት።

«ለእኔ ቀሚስ ከሰፋህ ስንት ዘመንህ ነው?» አለችው ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ። «ለእሷ ግን ሙሉ ልብስ! በል እንግዲህ፣ ጣውንት እንዳመጣህብኝ ዛሬ ገባኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም ጣውንቴ ሆነ። «ጣውንቴ ደህና አደረች?» ትላለች ጠዋት። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ደግሞ «ና እስቲ ከጣውንቴ ጋር ንፋስ እንቀበል» ትለዋለች። ሦስቱም ተያይዘው ከከተማው ጀርባ ያለውን ዳገት ይወጣሉ። ጫፉ ላይ ስትደርስ ከተማው በሙሉ ከእግርህ ሥር ነው። ንፋስ እንቀበል ትበል እንጂ ንፋሱን አንድ ቀን ተቀብላው አታውቅም፤ ጋቢና ተቀምጣ፣ መስታወቱን እስከ ጫፍ ዘግታ፣ ማሞቂያውን ለኩሳ ነው ከተማውን የምታየው።

የማሞቂያው ነገር የዘወትር ጠባቸው ነበር። ገና ዳገቱ ሳይጀመር ማዞሪያዋን እስከ ቀዩ ምልክት መጀመሪያ ትጠመዝዘዋለች። እሱ ላቡን እየጠረገ እጁን ሊቀንስ ሲልክ በመዳፏ ቸብ ታደርገዋለች።

«አሁንስ ሞቀሽ?» ይላታል ጥርሱን ነክሶ።

«ገና ነው። ትንሽ ጨምር» ትላለች እግሮቿን ወደ ማሞቂያው ቀዳዳ አስጠግታ።

ይጨምራል። ሌላ ምን አማራጭ አለው? ማዞሪያው ላይ የነበረው ነጭ መስመር ጣቷ ከመነካካቱ ብዛት ተፍቆ ጠፍቶ ነበር።

እንዲህ ሲሉ ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ የብርድ ወራት ሳንባዋን ያዛት፤ ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም።

ሐዘንተኛው ተበትኖ ልጅቷም ወደ ባሏ ከተመለሰች በኋላ፣ በመጀመሪያዋ እሁድ ልብስ ሰፊው መኪናዋን አስነሥቶ ብቻውን ወደ ዳገቱ ሄደ። ለምን እንደሄደ ራሱም አያውቅም። እሁድ ነው፣ ከሰዓት ነው፣ እግሩ ወሰደው። ዳገቱ ሲጀመር ማሞቂያው እሷ እንደተወችው ቀዩ ላይ ሆኖ ይነፍሳል። እጁን ላከና ዘጋው። የሚመታው መዳፍ የለም። መስኮቱን እስከ ታች አወረደው፣ ቀዝቃዛው አየር ፊቱ ላይ መጣና ሳያስበው ከአፉ «እፎይ» የሚል ቃል ወጣ።

ቃሉን ራሱ በጆሮው ሰማው። እፎይ! ሚስቱን በቀበረ ማግሥት እፎይ የሚል ባል ምን ይባላል? እያፈረ፣ መሪውን እየጨበጠ ሳለ ነው መታጠፊያው ላይ ጭሱ የተነሣው። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ «የእጄን ነው ያገኘሁት» አለ በሆዱ። ይህን ለማንም አልነገረም። ለልጁ ቢነግራት ታዝንበታለች፤ ለመካኒኩ ቢነግረው ይስቅበታል።

መካኒኩን ጥላሸት ይሉታል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ጋራዡ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ቱታውን የሚሰፋለት ጋሽ መቀስ ነው፤ ጋሽ መቀስን ደግሞ እንደ አጎቱ ያያል። በመጀመሪያው ጊዜ ሞተሩን ፈቶ ከመሃሉ አንድ ስስ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ አንድ ጥጉ የከሰለ ነገር አውጥቶ አሳየው።

«ይቺ ናት ጉዷ። ጓርኒሲዮን ነው የምትባለው። ከታች ሞተሩ፣ ከላይ ክዳኑ፣ ቴስታታው፣ መሃል ላይ ይቺ። እሳቱን ከውሃው፣ ውሃውን ከዘይቱ ለይታ የምትይዝ እሷ ናት። ሞተሩ ከልክ በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፣ ይቺ ትቃጠላለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይደባለቃል።»

«ገበር ናት በለኛ» አለ ልብስ ሰፊው። ገበሩ የሄደ ኮት ከላይ ቢያምር ዋጋ እንደሌለው ያውቃል።

«አዎ፣ ገበር። ግን ጋሽ መቀስ፣ ስንት ዓመት ደህና የነበረች መኪና ድንገት ምን አገኛት? የቀየሩት ነገር አለ? መንገድ? ቤንዚን? ጭነት አበዙባት?»

«ምንም አልቀየርኩም» አለ። ትንሽ አሰበና «ጭነቷ እንኳን ቀንሷል» ብሎ ጨመረ።

ጥላሸት ማን እንደቀነሰ ገባውና አንገቱን ወደ ሞተሩ ደፋ።

ቴስታታው ብረት የሚስተካከልበት ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላጠ፣ ጓርኒሲዮኗ በአዲስ ተተካች፣ መኪናዋ ተነሣች። ደግሞ በእሁዱ ዳገት ወጣች፤ ደግሞ ፈላች። በሁለተኛው ጊዜ ጥላሸት የውሃ ፓምፑን ቀየረ። የራዲያተሩን ክዳንም ቀየረ። ራዲያተሩን ራሱን አውርዶ በጎማ ቱቦ ውሃ ለቀቀበትና ከላይ የገባው ከታች ሲወርድ አይቶ «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ከላይ ገብቶ ከታች ከወጣ ሌላ ምን ይደረግለት» ብሎ መልሶ ገጠመው። ለዚህ ሁሉ ከልብስ ሰፊው ማሽኖች አንደኛው ተሸጠ። ጎረቤት «መኪናዋ ሱቁን በላችው» አለ። ውሸት አልነበረም።

አሁን እንግዲህ ሦስተኛው ነው። ጥላሸት ራሱ ገመድ ይዞ መጥቶ ጎተታት። ጋራዡ በር ላይ ደላላው ቆሞ ጠበቃቸው። አሞራው ነው የሚሉት፤ የማንም መኪና ከመሞቷ በፊት ይሸተዋል። ዙሪያዋን ዞረ፣ ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሳይብስባት ይልቀቋት። ቢያንስ በሯና ወንበሯ ለመለዋወጫ ይሆናል» አለ።

«ወንበሯን ምን አባክ ታደርገዋለህ?» አለ ልብስ ሰፊው። ድምፁ ከፍ ማለቱ ራሱን አስደነገጠው። አሞራው እጁን አንሥቶ ፈገግ አለና ዞር አለ። መጠበቅ ለእሱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ማታ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ ደግሞ ፈላች አሉ። እንዲያው ያቺን ቆርቆሮ ብትሸጣት ምናለ?»

«ቆርቆሮ አትበያት።»

«እሺ፣ ያቺን እመቤት ሽጣት። አንድ ቀን እዚያ ዳገት ላይ ፍሬን እምቢ ብላህ ብትወድቅስ? ማን ያይሃል? እኔ እዚህ ሆኜ እሁድ በመጣ ቁጥር ልቤ እንደተሰቀለ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰማህም?»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ልቅሶዋን መስማት አልቻለምና ሊያስቆማት ብሎ ተናገረ። «በቃ ስሚኝ። ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ትሠራ። ከእንግዲህ አንዴ ከፈላች እሸጣታለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በእናትሽ አጥንት።»

መሐላው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የከበደው። እሱ ጨርቅን ሲቆርጥ እንኳ ሦስት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው፤ ይህን ግን አንዴም ሳያስብ ቆረጠው። በሌላ ነገር ምሎ ቢሆን ንስሐ ገብቶ ይፈታው ነበር። በእሷ አጥንት ምሎ ግን ወደኋላ የለም።

ለምን እንዲህ ሙጭጭ አለባት ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱን ልብሶች እህቶቿ ለድሃ ብለው ወስደዋል። አልጋው የሁለት ሰው አልጋ ነበር፤ ስለሚያስፈራው የሚተኛው ሳሎኑ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ነው። አሁን መስኮቱን እንዳሻው ይከፍታል፣ የሚቆጣው የለም፤ ግን ከከፈተው በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ይሰማዋልና ተነሥቶ ይዘጋዋል። ቀን ቀን የሰው ገላ የሚነካው በሜትር ብቻ ነው፤ ደረት ሲለካ፣ ትከሻ ሲለካ። ሰው ለመነካት ብሎ ልብስ አያሰፋምና ያም በየቀኑ አይገኝም። ከቤቱ ሁሉ የእሷ ነገር የቀረው እዚያች መኪና ውስጥ ነው፤ የጋቢናው ግራጫ ሱፍ በእሷ ልክ ጎድጉዷል፣ ማሞቂያው ሥር ያለው ምንጣፍ በጫማዋ ተረከዝ ሳስቷል። እሱ እዚያ ሲቀመጥ ብቸኝነቱ ትንሽ ይቀለው ነበር። ያ ጉድጓድ ተነቅሎ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ሲገጠም ማየት አይችልም።

ጥላሸት ለሦስተኛ ጊዜ ሠርቶ ቁልፉን ሲሰጠው ፊቱ ላይ እፍረት ነበረበት።

«ጋሽ መቀስ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በሽታዋን አላገኘሁትም። የታመመውን ነው ያከምኩት እንጂ ምን እንደሚያሳምማት አላወቅሁም። ዳገቱን ይተዉት። ሜዳ ላይ ይንዷት፣ ምንም አትሆንም።»

ሜዳ ላይ ነዳት። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት። እውነትም ምንም አልሆነችም። እሁድ ሲመጣ ግን ጭንቅ ነው። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ፣ ሳያስነሣት፣ ግቢው ውስጥ ከግንቡ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ግንቡን ያያል። አንድ ጊዜ ጎረቤቱ ሴትዮ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አየችውና «ጋሽ መቀስ፣ የት ሊሄዱ ነው?» አለችው። «መጣሁ» አላት። እሷ ጨርሳ ስትገባ እሱ እዚያው ነበር።

አንድ እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ጣሪያው ላይ ያለው ድምፅ ጆሮውን ሞላው። ከሰዓት ሲሆን ተነሣ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፉን አነሣ። አሞራውም መሐላውም በዓይኑ ዞሩ። «በግንብ ፊት ለፊት ተቀምጣ ከምታረጅ መንገድ ላይ ትሙት» አለ ጮክ ብሎ፣ ስለመኪናዋ ይሁን ስለራሱ ሳይለይ። አስነሣና ወጣ።

ዳገቱ ሲጀመር ዓይኑን ከሙቀት ጠቋሚው ላይ መንቀል አቃተው። ጠቋሚው መጀመሪያ መሃል ላይ ነበር። አንደኛውን ኩርባ ሲያልፍ ከመሃል ከፍ አለ። ሌላ ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ ነበር የሚወጣው፤ ዛሬ ዝናቡ ወደ ውስጥ ስለሚገባ እስከ ጫፍ ዘግቶታል። ትንፋሹ መስታወቱን ጉም አለበሰው። በእጅጌው ጠረገው፣ መልሶ ተሸፈነ። ከኋላው አንድ የጭነት መኪና መብራቱን እያበራ ጥሩምባውን ነፋ። ቆሞ እንዳያሳልፈው በግራ ገደል፣ በቀኝ ቦይ ነው። ጠቋሚው ወደ ቀዩ ተጠጋ።

«እባክሽ» አለ። «እባክሽ፣ ዛሬን ብቻ።»

መንገዱ ጨርሶ ጠፋው። ጉሙን የሚያባርርለት ሙቅ አየር ብቻ ነው። እጁን ወደ ማሞቂያው ላከና ከዚያች የእፎይታ እሁድ ወዲህ ያልነካውን ማዞሪያ እስከ ጥጉ ጠመዘዘው። መጀመሪያ አቧራ ሸተተ። ቀጥሎ ለብ ያለ አየር መጣ፤ ከዚያ ያ የሚያውቀው፣ ስንት ዓመት ያማረረበት የሚፋጅ ትንፋሽ ጉልበቱን መታው። ጉሙ ከመስታወቱ ግርጌ ጀምሮ እየተገፈፈ መንገዱ ታየ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

ጠቋሚውን አየው። ወርዷል።

የተበላሸ መሰለው። በጣቱ መታ መታ አደረገው። ጠቋሚው አልተንቀሳቀሰም፤ መሃል ላይ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ድንጋዩ ያለበትን መታጠፊያ አለፉ። ልብስ ሰፊ አንዴ ለክቶ አይቆርጥምና እጁን ልኮ ማሞቂያውን ዘጋው። ጠቋሚው ቀስ እያለ መውጣት ጀመረ። ከፈተው፤ ወረደ። ደግሞ ዘጋው፤ ወጣ። ደግሞ ከፈተው። ወረደ።

ያኔ ገባው። የዚህች መኪና ትኩሳት ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ከተገዛች ቀን ጀምሮ በውስጧ የነበረ ነው። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ እሁድ፣ የሚያቃጥላትን እሳት በዚያች ቀዳዳ እያስወጣች፣ በእግሯና በእጇ እየተቀበለች፣ መኪናዋን ከሞት የምታተርፋት ሚስቱ ነበረች። እሷም አታውቅ፣ እሱም አያውቅ። እሱ «ቀቀልሽኝ» እያለ ሲያጉረመርም፣ እጁን ሊዘጋ ሲልክ፣ እሷ ስትመታው። ጣውንቴ ያለቻት መኪና በእሷ ብርድ ስትኖር ነበር። እሷ ስትሄድ ደግሞ የዘጋው እሱ ነው፤ «እፎይ» ብሎ።

ጫፉ ላይ ደርሶ ዳር ያዘ። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈው። ከተማው በዝናቡ ሥር አይታይም። ልብስ ሰፊው ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን ሰው ስላየው እንዲህ አላለቀሰም ነበር፤ አሁን ላቡና እንባው እየተደባለቀ አለቀሰ። ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይነፍስ ነበር።

በማግሥቱ ለጥላሸት ነገረው። ጥላሸት አፉን ከፍቶ ሰማና በቅባት እጁ ግንባሩን መታ።

«ወይኔ! ማሞቂያው ራሱ እኮ ትንሽ ራዲያተር ነው! ትልቁ ራዲያተር ግማሽ ጎኑ በዝገት ተደፍኗል ማለት ነው። ውሃ ያሳልፋል፣ ሙቀት ግን አይጥልም። እኔ ሞኙ በቱቦ ውሃ ለቅቄ፣ ወረደ ብዬ መለስኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።» ወደ ጋቢናው አየ። «እትዬ ናቸዋ መኪናዋን ይዘዋት የኖሩት።»

«እሷ ናት» አለ ልብስ ሰፊው።

«በሉ አሁን ይተዉልኝ። ራዲያተሩን በአዲስ እቀይረዋለሁ፣ ከእርስዎ አንድም ነገር አልቀበልም፣ የእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ በኋላ ማሞቂያውን ጥርቅም አድርገው ዘግተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ እንደ ልብዎ ዳገት ይውጡ። እሱ ጨርሶ አያስፈልጋትም።»

ልብስ ሰፊው ማዞሪያውን ተመለከተ። ነጩ መስመር የተፋቀበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጨርሶ አያስፈልጋትም የሚለው ቃል ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

«ተዋት» አለ።

«ምን አሉ?»

«ራዲያተሩን አትንካው። እንደነበረች ትሁን።»

«ጋሽ መቀስ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ይቀቀላሉ እኮ! አንድ ቀን ረስተው የዘጉት እንደሆነ ደግሞ ያው ጓርኒሲዮኗ ናት፣ ያው እኔ ነኝ፣ ያው አሞራው ነው።»

«አልረሳም።»

ጥላሸት ሊከራከር አፉን ከፈተና የሽማግሌውን እጅ ማዞሪያው ላይ አይቶ ተወው። ኮፈኑን በእርጋታ ከደነው። በሩ ላይ የቆመው አሞራ ነገሩ ሳይገባው ሁለቱንም አፈራርቆ አየና ሌላ ጋራዥ ፍለጋ ሄደ።

ለልጁ በስልክ ነገራት።

«እኔም እኮ ይበርደኛል አባዬ» አለች ሰምታ ስትጨርስ። «ነግሬህ አላውቅም። እዚህ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሄድ እኔ እንደ እማዬ ሹራብ ነኝ።»

«ለብ ያልሽ መስለሽን ነበር» አለ።

ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። እረፍት ስታገኝ እንደምትመጣ፣ ከእሱ ጋር ዳገቱን እንደምትወጣ ነገረችው። እሺ አላት። ሥራና ቤት ለእረፍት ቦታ እንደማይሰጧት ሁለቱም ያውቃሉ።

ዝናቡ አልፎ በጋው ገባ። ልብስ ሰፊው ለእሁድ የምትሆን ኮሌታ የሌላት ስስ ሸሚዝ ለራሱ ሰፋ። ከስንት ዓመት በኋላ ለራሱ የሰፋው ልብስ ነው። መኪናዋ ዳገቱን ትወጣለች፣ ጠቋሚው መሃል ላይ ይውላል፣ ማሞቂያው ቀዩ ላይ ይነፍሳል፣ እሱ ይቀቀላል። ጫፉ ላይ ለሽርሽር የመጡ ሰዎች ሣሩ ላይ ተኝተው ፀሐዩን ይሞቃሉ።

አንድ ወጣት ሚስቱን ጥላ ሥር አስቀምጦ ሲያልፍ፣ መስታወቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ በላብ ርሶ አየና ደንግጦ መስኮቱን አንኳኳ።

«አባት፣ ደህና ነዎት? በዚህ ሙቀት መስኮቱን ይክፈቱት እንጂ!»

ልብስ ሰፊው መስታወቱን ጣት በምታህል ብቻ ዝቅ አደረገ።

«ይበርዳታል» አለው።

ወጣቱ ጋቢናውን ተመለከተ። ግራጫው ወንበር ላይ ማንም የለም። ይቅርታ መሳይ ነገር አጉረምርሞ፣ ወደኋላ እየዞረ እያየ ወደ ሚስቱ ሄደ።

ልብስ ሰፊው መስታወቱን መለሰው። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ሞተሩ በእርጋታ ይሠራል። እጁን ማዞሪያው ላይ አድርጎ ወደ ጎን ሳይዞር ጠየቀ።

«አሁንስ ሞቀሽ?»

መልሷ ይወስድ የነበረውን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ትንሽ ጨመረው።